ሰው ያጣው ቁስለኛ፦ የቀድሞ ወታደሮች ሕመምና የእኛ ኅብረት



በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛውን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። 38 ዓመት ታሟል። ስለዚህ ሰው ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ አብዛኛው ስለ ተአምራቱ ነው። ዛሬ ግን ከተአምራቱ በፊት ያለውን እንድናይ እፈልጋለሁ። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ሰውየው አዎን አላለም፤ አይደለምም አላለም። የመለሰው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ከበሽታው ይልቅ አንደበቱን የሞላው ሰው ማጣቱ ነበር።

ደግሞም አስተውሉ፤ ይህ ሰው ለብቻው በምድረ በዳ አልነበረም። አምስቱ መመላለሻዎች በሕመምተኞች ተሞልተዋል። ዕውሩም፣ አንካሳውም፣ ሰውነቱ የሰለለውም ጎን ለጎን ተኝተዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ተራ ይጠብቃል፤ የአንዱ መዳን ለሌላው ተራ ማጣት ነው። በዚያ ስፍራ ሕዝብ ነበረ፤ ኅብረት ግን አልነበረም።

ይህን ሥዕል ይዛችሁ ወደ ማንኛውም ጤና ጣቢያ ግቡ። አግዳሚው ወንበር ላይ ወገባቸውን የሚያማቸው አሥር ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ካርዳቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ በአንድ ገብተው ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቃሉ፣ ተመሳሳይ ክኒን ይዘው ይወጣሉ። እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም። ከእነርሱ መካከል የቀድሞ ወታደር ቢኖር ደግሞ ዝምታው የባሰ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዝምታ ነው፤ ያቀረብኩትም ሐሳብ እነዚያ አሥር ሰዎች አብረው እንዲታከሙ ነው።

በመካከላችን ያሉት

አገራችን ወታደሮቿን በየዘመኑ ወደ ቤት መልሳለች። በኮሪያ ጦርነት ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ዘምተው ከ500 በላይ ቆስለዋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ነበር። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ ከ400,000 በላይ የሠራዊቱ አባላት ወደየመንደራቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት መጣ፤ ከእርሱም በኋላ ብዙዎች ተሰናበቱ። በሰሜኑ ጦርነት የሆነውን ገና አልረሳነውም፤ ስምምነቱ በፕሪቶሪያ የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በተለያዩ ክልሎች ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳቸዋለሁ ያላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370,000 በላይ ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የት አሉ? ፍስሐ ገነትን የመሰሉ ትንንሽ ከተሞችና በዙሪያቸው ያሉ ቀበሌዎች ውስጥ ናቸው። ከዲላ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ፣ በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር፣ በየደጋው ዳገት ላይ ይኖራሉ። አንዱ ጥበቃ ነው፤ አንዱ ቡና ለቃሚ፤ አንዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ጉልበቱ ውስጥ ፍንጣሪ ያለበት አለ። በፈንጂ እግሩን ያጣ አለ። ምንም ቁስል የማይታይበት፣ ግን ዘመኑን ሙሉ ምሽግ ሲቆፍርና ጓዝ ሲሸከም የኖረ ወገቡ ቀና የማይልም አለ። ክረምት ሲገባና ብርዱ ሲጠነክር የቆየው ቁስል ሁሉ ይነቃል።

እሑድ ጠዋት በበሩ ላይ ቆመን እንጠይቃቸዋለን፤ «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?» መልሳቸው አንድ ነው፤ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ምስጋናው እውነተኛ ነው፤ እኔ አልጠራጠረውም። ሆኖም ያ መልስ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አይነግረንም። ወታደር ሕመሙን እንዳይናገር ተምሯል። አማኝም ማጉረምረም ኃጢአት ነው ተብሏል። ወታደርም አማኝም የሆነው ሰው ሁለት ጊዜ ዝም ይላል።

ሕመሙ ራሱ በሽታ ሲሆን

እዚህ ላይ ጥቂት የሕክምና እውቀት ያስፈልገናል። ሕመም እግዚአብሔር በሰውነታችን ውስጥ ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው። እሾህ ሲወጋን እግራችንን እንድናነሣ ያደርገናል። ቁስሉ ሲድን ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም ግን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ደወሉ ራሱ ተበላሽቷል። ነርቭና አንጎል ሕመምን ማስተላለፍ ይለምዳሉ፤ ጥቂት ነካ ሲደረግም ብዙ ያማል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለው እግሩ ጣት ያመኛል ሲል አእምሮው ታውኮ አይደለም፣ ርኩስ መንፈስም አይደለም። አንጎሉ የዚያን እግር ሥዕል ገና እንደያዘ ስለሆነ ነው።

እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃት፣ የጦርነት ቅዠት፣ ብቸኝነት፣ የገንዘብ ጭንቀት፤ እነዚህ ሁሉ ደወሉን ያጎሉታል። እንቅስቃሴ፣ ዕረፍት፣ የሚያምኑት ሰውና ተስፋ ደግሞ ያበርዱታል። ስለዚህ ክኒን ብቻ የማይበቃው ለምን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

ክኒኑስ ቢሆን? በብዙ መንደር ሕመም ሲብስ የሚኬደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ዳይክሎፌናክ በክኒን ወይም በመርፌ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አንዳንዴም ትራማዶል። እነዚህ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ለጊዜው ይረዳሉ። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ለዓመታት ያለ ክትትል ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ትራማዶል ደግሞ ሱስ ያስይዛል። በአረቄ የሚያደነዝዝም አለ፤ ይህን ሰው ሰካራም ብለን ከመፍረዳችን በፊት ምኑን እንደሚያደነዝዝ ብንጠይቅ መልካም ነበር።

ጠንካራው መድኃኒት ቢገኝስ ይሻል ነበር ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ በቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ተቋም የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የወገብ፣ የዳሌ ወይም የጉልበት ሕመም ሥር የሰደደባቸው 240 የቀድሞ ወታደሮች በሁለት ተከፍለው ለ12 ወራት ታከሙ፤ አንደኛው ወገን እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ መድኃኒቶች፣ ሌላኛው የተለመዱትን ቀላል ማስታገሻዎች ወሰደ። ጠንካሮቹ በዕለት ኑሯቸው ላይ የተሻለ ለውጥ አላመጡም፤ ጎጂ ውጤታቸው ግን በዛ። ያች ሀብታም አገር ወታደሮቿን በጠንካራ መድኃኒት ካጠጣች በኋላ ነው ወደ ሌላ መንገድ የተመለሰችው። እኛ በዚያ በኩል ዞረን መሄድ አያስፈልገንም።

አንድ ሐኪም፣ አሥር ሰው፣ ሁለት ሰዓት

ያ ሌላ መንገድ የቡድን ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ጆን ስኮት የተባለ ሐኪም በኮሎራዶ ለአረጋውያን፣ ኤድዋርድ ኖፍሲንገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ደግሞ በካሊፎርኒያ ጀመሩት። ዛሬ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሕክምና ድርጅት ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ሥር ለሰደደ ሕመም ይጠቀምበታል። ማስረጃው ከሁሉ ይልቅ የጠነከረው ለስኳር ሕመም ነው፤ ለሕመም ማስታገሥ ገና እየተጠና ያለ ነገር ስለ ሆነ ተአምር እንደሚሠራ አድርጌ አላቀርበውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ከ8 እስከ 12 ሰዎች በወር አንድ ጊዜ በአንድ ክፍል ይሰበሰባሉ። የእያንዳንዱ የደም ግፊት ይለካል፣ መድኃኒቱ ይታያል። ጤና መኮንኑ ወይም ሐኪሙ እያንዳንዱን በየተራ ያነጋግራል፤ የቀሩት ይሰማሉ። ልብስ ማውለቅ የሚጠይቅ ምርመራ ወይም በሰው ፊት የማይነገር ጉዳይ ካለ በጎን ባለ ክፍል ለብቻ ይታያል። ከዚያ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ እንቅስቃሴ አብረው ይሠራሉ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ እስከሚቀጥለው ወር የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገራል።

እስቲ እንቁጠረው። አንድ ጤና መኮንን ለአሥር ሰው አሥር አሥር ደቂቃ ቢሰጥ 100 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያንኑ ምክር አሥር ጊዜ ደጋግሞ ይደክማል። ሕመምተኛው ያገኘው ግን አሥር ደቂቃ ነው። በቡድን ሲሆን ባለሙያው የሚሰጠው ጊዜ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ግን ሁለቱንም ሰዓት ያገኛል። የባለሙያ እጥረት ላለበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለሙያው የማይሰጠው ነገር አለ። በቡና መልቀም ወራት ሕመሙ ቀለል ያለለት ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ሠርቶ፣ በማግሥቱ ሦስት ቀን የሚተኛ ሰው አለ። ነርሷ «ሥራህን መጥን» ብትለው ዳገቱን አታውቀውም ብሎ ያልፈዋል። ያው ምክር አጠገቡ ከተቀመጠ፣ እርሱም ዳገቱን በአንድ እግርና በክራንች ከሚወጣ ሰው ሲመጣ ግን ይሰማል። አንድ ሰዓት ለቅሞ ማረፍ፣ ሕመሙ ሳያስቆመው ቀድሞ ማቆም፣ በማግሥቱ መመለስ፤ ይህ የሚማሩት ጥበብ ነው። የተማረው ሰው ደግሞ ቢያስተምረው ያምራል።

ሩቅ ሳንሄድ

ይህ ነገር የፈረንጅ ነው የሚል ቢኖር፣ በገዛ አገራችን የሆነውን ላስታውሰው።

አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ ነው። ሕመሙ ስሜትን ስለሚያጠፋ እግራቸው ሳያውቁት ይቆስላል፤ ፋሻና መድኃኒት እየተሰጣቸውም ቁስሉ ይመላለስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአለርት የሥጋ ደዌ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ሕሙማኑ በየአካባቢያቸው ተሰባስበው እርስ በርሳቸው እግራቸውን የሚያዩበትን፣ የሚያጥቡበትንና የሚመካከሩበትን ቡድን ማቋቋም ጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ ቡድኖቹ ከ70 በለጡ። ቁስላቸው ቀነሰ። ከዚያም በላይ ከሰው ተለይተው ይኖሩ የነበሩት በሰው ፊት የመቆም ድፍረት አገኙ፤ ክብራቸው ተመለሰ። እግር መተጣጠብ ለእኛ ለክርስቲያኖች እንግዳ ትምህርት ነውን?

ወላይታ ሶዶ ደግሞ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ብዙዎችን ከትዳርና ከጉባኤ ሲያስወጣ ኖሯል። ሚስዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያ የጀመሩት አገልግሎት በሽተኞቹን በየጣቢያው ሰብስቦ እግር ማጠብን፣ ቅባትና ፋሻን፣ ጫማ መልበስን አስተማረ። ሌሎችን የሚረዱት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ራሳቸው የታከሙት ነበሩ። ሳሙና፣ ውኃ፣ ጫማና አብሮ የሚቀመጥ ሰው፤ ይህን ያህል ነው።

የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2002 በናዝሬት የጀመረችው የራስ አገዝ ቡድን ሥራም ሌላው ምስክር ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ድሆች በየሳምንቱ ተሰብስበው ጥቂት ብር ሲቆጥቡ፣ ከገንዘቡ በፊት ያገኙት እርስ በርስ መተማመንን ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በብዙ የአገራችን ክፍል ተስፋፍቷል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችን በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ታውቃለች። ያልሞከርነው ከጤና ጣቢያው ጋር ተያይዘን ይህን ለቁስለኞቻችን ማድረግ ነው።

ለጌዴኦ ሕዝብ ደግሞ ክብ ሠርቶ መቀመጥ አዲስ አይደለም። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተሰብስበው ሁሉም እየተሰማ ጉዳይ ሲያዩ ኖረዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ነገር በችኮላ አይቆረጥም። ሐኪም ይጨመርበት እንጂ መሠረቱ አለን።

ሁለቱ ሸክሞች

ገላትያ ምዕራፍ 6ን ሳነብ ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ቁጥር 2 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ያዛል። ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ቁጥር 5 ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ጳውሎስ ሐሳቡን ለወጠ? አይደለም። በግሪኩ ሁለት ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ባሮስ ነው፤ አንድን ሰው የሚያደቅቅ ከባድ ክብደት። ሁለተኛው ፎርቲዮን ነው፤ ሰው ለራሱ የሚይዘው ጓዝ። ወታደር የነበረ ሰው ልዩነቱን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። የራሱን ጓዝ ራሱ ይሸከማል፤ ሲቆስል ግን ጓደኞቹ በቃሬዛ ያነሡታል።

የቡድን ሕክምና ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ያገናኛቸዋል። እንቅስቃሴውን መሥራት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ፣ አረቄውን መተው የራሱ ጓዝ ነው፤ ማንም አይሠራለትም። ብቸኝነቱን፣ እፍረቱን፣ ማንም አያምነኝም የሚለውን ክብደት ግን ብቻውን ሊያነሣው አይችልም። ለዚህ ቃሬዛ ያስፈልጋል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ያመጡት አራት ሰዎች ጣራ አፍርሰዋል፤ ጌታም ያየው የእነርሱን እምነት እንደ ሆነ ተጽፏል። የአንዱን አልጋ አራት ሰው ነው ያነሣው።

እኛ ግን የምንሰበሰበው መቼ ነው? ሰው ሲሞት። እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ስለ ሟቹ ጀግንነት ይነገራል። በዚያ ድንኳን ውስጥ ያለው ወንበር፣ ያ ሁሉ ሰውና ያ ሁሉ ጊዜ ሰውየው በሕይወት ሳለ በወር ሁለት ሰዓት ቢሰጠው ምን ነበረበት?

በፍስሐ ገነት ቢሆን

የከተማዋ ስም ራሱ ይናገራል፤ የደስታ ገነት። እንግዲህ እንዲህ ቢጀመርስ እላለሁ።

የየቤተ እምነቱ አገልጋዮች ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ይቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ሐኪም አትሁን፤ አዳራሽ፣ ወንበርና ቡና ታቅርብ። ጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ይምጡ፤ ወይም ቡድኑ ወደ እነርሱ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማን በየትኛው ቤት እንዳለ ስለሚያውቁ እነርሱ ይጥሩ። የመጀመሪያው ቡድን ከአሥር ሰው አይብለጥ። ቀኑ ከገበያ ቀንና ከቡና ለቀማው ወራት ጋር እንዳይጋጭ ከሰዎቹ ጋር ተመክሮ ይወሰን።

አንድ ርካሽ ነገርም ልጨምር። በዋሽንግተን የዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች ረጅም መስተዋት በሁለቱ እግሮች መካከል አቁመው፣ የደኅናውን እግር ምስል እያዩ ሁለቱንም እንደሚያንቀሳቅሱ ሆነው ሲለማመዱ፣ የሌለው እግራቸው ሕመም ቀንሶላቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ለሁሉም አይሠራ ይሆናል። ሆኖም መስተዋት በፍስሐ ገነት ገበያም ይገኛል። የሚያስፈልገው የሚያሳይ ባለሙያና አብሮ የሚለማመድ ሰው ነው።

ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገኝ ደግሞ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል። እግሩ በድንገት የሰነፈበት፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ትኩሳት ያለው ወይም ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው የቡድን ውይይት አይጠብቅም። በዚያ ጊዜ የእኛ ድርሻ የመኪና ዋጋ አዋጥተን፣ አንድ ሰው አብሮት እንዲሄድ ማድረግ ነው። ጌታ ሰው ላጣው ሰው መጣለት፤ እኛ ደግሞ ቢያንስ መኪና እንሳፈርለት።

የሚነሡ ጥያቄዎች

«ጸሎት አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። እኔ ጌታ ዛሬም እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ለፈውስ መጸለይንም አልተውም። ጳውሎስም ያምን ነበር። ሆኖም የሥጋው መውጊያ እንዲወሰድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው የሚበቃ ጸጋ ነው፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ተጽፏል። ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም በዘመኑ የነበረውን መድኃኒት መከረው እንጂ እምነትህ ደከመ አላለውም። ጥሮፊሞስንም ታሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው፤ ይህንንም ሳያፍር ጻፈው። ሐዋርያው ያልተሸከመውን ክስ እኛ በቁስለኛ ላይ አንጫን።

«ምስጢር ይወጣል» የሚል ሥጋትም ትክክለኛ ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ቃል ይግባ፤ እዚህ የተነገረ እዚህ ይቅር። መናገር ያልፈለገ አይገደድ። የጦር ሜዳ ታሪኩን እንዲዘረዝር ማንም አይጠይቀው፤ ያለ ባለሙያ ቁስል መነካካት ጉዳት አለው። የሚወራው ስለ ዛሬው ሕመምና ስለ ነገው ኑሮ ነው።

«በተለያየ ጎራ የተዋጉ ሰዎች እንዴት አብረው ይቀመጣሉ?» ይህ ከሁሉ ከባድ ጥያቄ ነው። አንዱ የደርግ ሠራዊት ነበረ፣ ሌላው ደርግን የጣለው። አገራችን ይህን ቁስል ገና አላሻረችም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ መካከል በሆነው ግጭት በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች መጠለያ ሆነው ነበር፤ በዚያን ጊዜ ማንም ወገንህ የቱ ነው ተብሎ በበሩ ላይ አልተጠየቀም ቢባል ምንኛ ባማረ! እንግዲህ ደንቡ ይህ ይሁን፤ በክፍሉ ውስጥ ማዕረግ የለም፣ ጎራ የለም፤ የሚያመው ወገብ አለ። ወገብ ፓርቲ የለውም። ሕመማቸውን ለመናገር የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ከብዙ የዕርቅ ስብሰባ ይልቅ ይቀራረቡ ይሆናል።

ለእኛ ለአማኞች የተነገረ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ፤ ሐሳቡ ቢበላሽ በእኛ ሊበላሽ ይችላልና።

ቡድኑን የስብከት ወጥመድ አናድርገው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ያለ ሥጋት የሚመጣበት ይሁን። ጸሎት የሚፈልግ ካለ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ይጸለይለት፤ የማይፈልግም ቡናውን ጠጥቶ በሰላም ይሂድ። ጌታ ስለ ዳቦው ዋጋ ያስከፈለው ሕዝብ የለም።

ሰዎቹንም ለምስክርነት አንጎትታቸው። ጥቂት ስለተሻለው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ ተፈወስኩ እንዲል አንግፋው። ሰኞ ሕመሙ ሲመለስ ከሕመሙ ጋር እፍረት ይጨመርበታል፤ ከዚያም አይመጣም። በዚህ አገልግሎት ትልቁ ምስክርነት «ዛሬም ያመኛል፤ ግን ልጄን ትምህርት ቤት አደረስኩ» የሚል ነው። እርሱን ስንሰማ ሃሌ ሉያ ማለትን እንልመድ።

ሴቶችንም አንርሳ። በሠራዊቱ ያገለገሉ እህቶች አሉ፤ ከወንዶች መካከል ተቀምጠው ላይናገሩ ስለሚችሉ የራሳቸው ቀን ይሰጣቸው። የቁስለኛ ሚስቶችም አሉ፤ ሌሊቱን አብረው የነቁ፣ የባልን ቁጣ የተሸከሙ። እነርሱም ሰው ይፈልጋሉ።

በአዲስ አበባ ኮሪያ ሆስፒታል የምንለውን የመሠረተው ሚዮንግሶንግ የተባለ የሴኡል ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢትዮጵያውያን በኮሪያ ምድር ያፈሰሱትን ደም አስታውሰው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ባሕር ተሻግረው ሆስፒታል ሠሩ። የሩቅ ክርስቲያኖች የእኛን ወታደሮች ካስታወሱ፣ በአንድ አዳራሽ አብረን የምንዘምር እኛ ጎረቤታችንን ብናስታውስ ምን ይከብዳል? ከእኛ የሚጠየቀው ሆስፒታል መሥራት አይደለም፤ አሥር ወንበር በክብ ማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በጉባኤያችሁ ያለውን አንድ የቀድሞ ወታደር ቤቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲላችሁ አሜን በሉ፤ ከዚያ ግን አትነሡ። «ሌሊቱን ግን ተኙ ወይ፣ ጋሼ?» ብላችሁ ጠይቁና ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ከዚያ እንደ እርሱ ያለ ሌላ ሰው ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቁት። ሁለቱ ከተገናኙ ቡድኑ ተጀምሯል፤ የቀረው ጤና ጣቢያ ሄዶ ማነጋገር ነው።

በመመላለሻው ላይ ለተኛው ሰው የመጣለት ጌታ፣ በእናንተ እጅና እግር ወደ ብዙዎች ይምጣ። ለቁስለኞቻችን ዕረፍት ያለበት ሌሊት፣ ለሚረዷቸውም የማይዝል ፍቅር ይስጥልን። አሜን።